ኮፈኑ ይከፈት፦ ስለ ቅንጡ መኪኖች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚጀምሩት «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ብለው ነው። ብራንዱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንዱ ኩባንያ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ቦዲ ላይ፣ እጅግ ጥሩና እጅግ አስቸጋሪ ሞተር ጎን ለጎን ሸጦ ያውቃል። ስለዚህ በመልሶቻችን ሞዴሉን፣ ዓመቱንና ሞተሩን ለይተን እንጠራለን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የ2020 ሌክሰስ አርኤክስ 350፣ ቢኤምደብሊው ኤክስ5 እና መርሴዲስ ጂኤልኢ 350 እያማረጥን ነው። ሁለት ልጆች አሉን። የምንገዛውን መኪና አምስት ስድስት ዓመት መያዝ እንፈልጋለን። ሦስቱን በምን እናወዳድራቸው?

መልስ፦ ያን ያህል የምትይዙት ከሆነ ሌክሰሱን እናስቀድማለን። የ2020ው አርኤክስ 350 ሞተር ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ነው፤ ተርቦ የለውም፤ 295 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥም ከቫልቩ በፊትም ስለሚረጭ፣ በቀጥታ ብቻ የሚረጩ ሞተሮች ቫልቭ ላይ የሚጋገረው ካርቦን እዚህ አያስቸግርም። ቫልቮቹን የሚያዘው ቺንጊያ ሳይሆን ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ስለሆነ የድሮዎቹ አርኤክስ 300 እና 330 በ90,000 ማይል የሚጠይቁት የቺንጊያ ቅያሪ የለበትም። ደካማ ጎኑ የውሃ ፓምፑ ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ ዲናሞውን በሚያዞረው ቺንጊያ በኩል በእጅ ባትሪ እዩ። የቶዮታና የሌክሰስ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሮዝ ስለሆነ፣ የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ካያችሁ ፓምፑ ማንጠባጠብ ጀምሯል ማለት ነው። መንዳቱ ግን ደንዘዝ ያለ ነው፤ መሪው መንገዱን አይነግራችሁም።

መንዳት የሚወድ ሰው ኤክስ5 ላይ ከተቀመጠ መውረድ ይከብደዋል። ኤክስድራይቭ 40አይ የሚባለው ላይ ያለው ቢ58 ሞተር፣ ማለትም ባለ 6 ሲሊንደሩ 3.0 ሊትር ባለ ተርቦ፣ ቢኤምደብሊው በዚህ ዘመን ከሠራቸው ጠንካሮቹ አንዱ ነው። ጉልበቱ 335 ነው። ከዚህ ሞተር ጋር የሚመጡት ችግሮች የታወቁ ናቸው፦ የዘይት ፊልተሩ መያዣ ጓርኒሲዮን ማላብ፣ የማቀዝቀዣው የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎች በሙቀት ብዛት መሰንጠቅ። የመኪናው ኮምፒውተር ዘይቱን በየ10,000 ማይል ቀይሩ ይላል፤ ለረጅም ጊዜ የሚይዘው ሰው በየ5,000 ማይሉ ይቀይር። «የዕድሜ ልክ» ተብሎ የሚተወውን የካምቢዮ ዘይትም አትመኑ። ካምቢዮውን የሚሠራው የጀርመኑ ዜድኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲቀየር ይመክራል። ባለ ቪ8ውን ኤክስ5 ግን ዋስትና ሳይኖረው አትግዙት። ኤን63 የሚባለው ይህ ሞተር ሁለቱን ተርቦዎች በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ስለታቀፋቸው በዙሪያቸው ያለውን ፕላስቲክና ጎማ ሁሉ ሙቀቱ ይጠብሰዋል። ባለፉት ዓመታት ዘይት በመብላት ስም ያተረፈውም ይኸው ቤተሰብ ነው።

ጂኤልኢ 350ው ውስጡ ከሦስቱ ያምራል። ነገር ግን ከ2 ቶን በላይ የሚመዝነውን መኪና የሚጎትተው ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.0 ሊትር፣ 255 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው። ልጆችና ሻንጣ ጭናችሁ ሀይዌይ ስትገቡ ይሰማችኋል። መርሴዲስ ካላችሁ ባለ 6 ሲሊንደሩን ጂኤልኢ 450 ፈልጉ። እሱ ደግሞ ሞተሩን የሚያግዝ ባለ 48 ቮልት የኤሌክትሪክ ሲስተም ስላለው የሠፈር ጋራዥ ሁሉ የሚነካው አይደለም።

ነዳጅም አለ። አርኤክስ 350ው ተራውን 87 ኦክቴን ይጠጣል፤ ሁለቱ ጀርመኖች ፕሪሚየም ይጠይቃሉ። በዓመት 12,000 ማይል የምትነዱ ከሆነና መኪናው በጋሎን 22 ማይል ቢሄድ 545 ጋሎን ያስፈልጋችኋል። በጋሎን የ80 ሳንቲም ልዩነት ቢኖር በዓመት 436 ዶላር ነው። ጎማም እንዲሁ፦ ብዙዎቹ ኤክስ5ዎች አየር ሲያልቅባቸውም የሚሄዱ ውድ ጎማዎች አሏቸው፤ የኋላው ከፊቱ ሰፋ ያለ ከሆነ ደግሞ የፊቱን ወደ ኋላ እያዞሩ ዕድሜ መቆጠብ አይቻልም።

ለማየት ስትሄዱ በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ። ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ቅጠሩ። ሲነሳ ከአንድ ሁለት ሴኮንድ ያለፈ የካቴና መንቋቋት፣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ (ዘይት እየተቃጠለ ነው)፣ ወይም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ እየገባ ነው) ካለ አትከራከሩ፤ ሂዱ። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ በከተማም በሀይዌይም ንዱት። ስካነር ሲሰካበት «ኮድ የለም» (የተመዘገበ ብልሽት የለም) የሚለው ብቻ አያጽናናችሁ፤ የሞተሩ የራስ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቁም» የሚል ከሆነ ኮዱን ትናንት አጥፍተውት ይሆናል። በጎማው ጎን ካለው ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። ቀለም መለኪያ ካገኛችሁ የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ነው፤ ከ300 በላይ ካለ በስቱኮ የተሞላ ቦታ ነው። ሜሪላንድ የምትጠይቀው የሴፍቲ ኢንስፔክሽን ፍሬንና መብራትን የመሰለውን እንጂ የሞተሩን ጤና አያይም፤ ሻጩ ወረቀቱን ቢያሳያችሁ ከገለልተኛ መካኒክ ምርመራ አያድናችሁም። «ሰርቲፋይድ» ካላችሁም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሰርቲፋይ ያደረገው አምራቹ ነው ወይስ መኪና መሸጫው ራሱ? ሁለተኛው ከሆነ ከሌላ ኩባንያ የተገዛ የጥገና ውል ነውና የማይሸፍነውን ዝርዝር አንብቡ።

ከአትላንታ

ጥያቄ፦ የ2014 መርሴዲስ ኤስ550 በአዲስ ካምሪ ዋጋ እንኳ ሳይሆን ከዚያ በታች አገኘሁ። እንዴት ይህን ያህል ወረደ? ልግዛው?

መልስ፦ አዲስ እያለ ከ90,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። የመኪናው ዋጋ ወርዷል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን ዛሬም የ90,000 ዶላር መኪና ዋጋ ነው። የወረደበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ልብዎ ከተነሣ ሦስት ነገር ሳያረጋግጡ ገንዘብ አያውጡ። መጀመሪያ የአየር ሰስፔንሽኑን፦ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ባለበት ይደር፤ ጠዋት አራቱንም ማዕዘን ከጎማው መሐል እስከ መከላከያው ጠርዝ በሜትር ይለኩ። አንዱ ከወረደ እሱ ጋ አየር ያፈሳል። ቀዳዳ ያለበትን ሊሞላ ሲታገል ደግሞ ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ብልሽቶች ብዙ ጊዜ ተከታትለው ይመጣሉ። ቀጥሎ ሞተሩ በብርድ ሲነሳ ያዳምጡ፤ ኤም278 በሚባለው በዚህ ባለ 4.7 ሊትር ቪ8 ላይ ዘይት ከካቴና መወጠሪያው ሌሊት ስለሚመለስ መንቋቋት የተለመደ ቅሬታ ነው። በመጨረሻ ካንዴላዎቹን አስወልቀው በካሜራ የሲሊንደሮቹን ግድግዳ ያሳዩ፤ ከላይ ወደ ታች የተጫረ መስመር ካለ የሞተሩ ዕድሜ እያለቀ ነው። ባለቤቱ ካንዴላ መፍታት ከከለከለዎ መልሱን አግኝተዋል።

ከግዢው ሌላ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ከዋጋው አንድ አራተኛ ያህል የሚሆን ገንዘብ በእጅዎ ከሌለ ይተዉት። ያንኑ ስፋትና ጸጥታ ከፈለጉ የ2013 እና ከዚያ በኋላ የተሠራ ሌክሰስ ኤልኤስ 460፣ ያውም ተራ ሾካብሶርበር ያለውን፣ ይፈልጉ። እሱም እንከን አያጣም፤ የፊት እግሩ ክንዶች ጎማ ያረጃል፣ በጉድጓድ ላይ ይንኳኳል። ግን ክንድ መቀየር ሞተር ከመቀየር ጋር አይወዳደርም።

ከሲያትል

ጥያቄ፦ የጀነሲስ ዋስትና 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው ይሉኛል። ያገለገለ ብገዛ ይሸጋገርልኛል?

መልስ፦ በአሜሪካ ያ የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ ነው። ከግለሰብ ሲገዙ ወደ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይወርዳል፤ የሚቆጠረውም መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ነው። ከአምራቹ ሰርቲፋይድ ሆኖ ከተሸጠ ረጅሙ ዋስትና ሊመለስ ስለሚችል፣ የዋጋ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ እሱን ይምረጡ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጥያቄ፦ ለኡበር ብላክ (ለኡበር የቅንጡ መኪና አገልግሎት) የሚሆን ትልቅ መኪና ልገዛ ነው። የ2022 ካዲላክ ኤስካሌድ፣ ሊንከን ናቪጌተርና ሸቭሮሌት ሰበርባን እያየሁ ነው። የትኛው ሥራ ይችላል?

መልስ፦ ከማንኛውም ንግግር በፊት የኤስካሌዱን የሻንሲ ቁጥር (ቪን) በአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ በነጻ ያስገቡ። በሚያዝያ 2025 የካዲላክና የሸቭሮሌት አምራች ጂኤም ኤል87 የሚባለውን ባለ 6.2 ሊትር ቪ8 ሞተር የያዙ የ2021 እስከ 2024 ሞዴሎችን፣ በአሜሪካ ብቻ 600,000 ያህል መኪኖችን፣ ለጥገና ጠርቷል። ኤስካሌድ፣ ታሆ፣ ሰበርባን፣ ዩኮንና ሁለት የጂኤም ፒክአፖች አሉበት። የክራንክ ሻፍቱና የቢየላው ጥራት ጉድለት በመካከላቸው ያለውን ብሮንዚና ስለሚበላው ሞተሩ በሀይዌይ ላይ ሊቆም ይችላል። ዲለሩ ሲመረምር የወደቀው ሞተር ይቀየራል፤ ያለፈው ደግሞ ወፈር ያለ 0W-40 ዘይት ተሞልቶ ይወጣል። የሚገዙት መኪና ይህ እንደተሠራለት የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ፤ ሞተሩ የተቀየረለት ከሆነ እንዲያውም ደስ ይበልዎ።

ቪኑን ሲያዩ 10ኛውን ፊደል ልብ ይበሉ፤ የሞዴሉን ዓመት የሚነግረው እሱ ነው። «ኤም» 2021፣ «ኤን» 2022፣ «ፒ» 2023፣ «አር» 2024 ነው። 2022 ተብሎ የተለጠፈ መኪና «ኤም» ካለው ሻጩ አንድ ዓመት ሊጨምርብዎ ነው፤ ኡበር ደግሞ መኪና የሚቀበለው በሞዴሉ ዓመት ነው።

ብዙ ማይል ለሚነዳ ሰው ከሦስቱ የምንመርጠው ሰበርባንን ነው፤ ያውም ባለ 3.0 ሊትሩን ናፍጣ። በረጅም መንገድ ነዳጅ ይቆጥባል፣ በኤል87 ጉዳይም አልተነካም። አንድ ነገር ግን በማስታወሻዎ ይያዙ፦ በ2021ና 2022 ሞዴሎች ላይ የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጊያ 150,000 ማይል ላይ መቀየር አለበት፤ ያለውም በሞተሩ ጀርባ ስለሆነ ካምቢዮው መውረድ ይኖርበታል። 130,000 ማይል የሄደ ናፍጣ ሰበርባን «ርካሽ» ሆኖ ሲያገኙ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ባለ 5.3 ሊትሩ ቤንዚን የኤል87 ችግር ባይነካውም ነዳጅ ለመቆጠብ አንዳንድ ሲሊንደሮችን የሚያጠፋው ሲስተሙ የቫልቭ ሊፍተሮቹን (ቫልቮቹን የሚገፉትን) ሊያበላሽ ይችላል፤ ሲነሳ ቲክ ቲክ የሚል ከሆነ ይራቁ። ናቪጌተሩ ላይ ያለው ባለ 3.5 ሊትር መንታ ተርቦ ጉልበተኛ ነው፤ በተለይ እስከ 2020 ባሉት ላይ በብርድ ሲነሳ ከካም ፌዘሮቹ (የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ ከሚያስተካክሉት) የሚመጣውን የመንጫጫት ድምፅ ያዳምጡ።

ለዚህ ሥራ የዋለ መኪና ሲያዩ ማይሉን ብቻ አይዩ። ደለስ ወይም ሬገን ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ኤሲ ከፍቶ የቆመ መኪና ማይል አይጨምርም፤ ሞተሩ ግን ይሠራል። በዳሽቦርዱ ሜኑ ውስጥ የሞተር ሰዓት የሚለውን ይክፈቱ። 60,000 ማይል በ4,000 ሰዓት ከሆነ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 15 ማይል ነው፤ ይህ መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን ቆሞ ያሳለፈ ነው። መካኒኮች ቆሞ የሠራ አንድ ሰዓትን እንደ 25 ማይል ይቆጥሩታል።

ግብሩንም ያስሉ። ቨርጂኒያ ሲገዙ 4.15 በመቶ ታስከፍላለች፤ በ60,000 ዶላር 2,490 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ የሚኖሩበት ከተማ ወይም ካውንቲ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ላይ ግብር ይጥላል። ለግል መኪና ከመጀመሪያው 20,000 ዶላር ላይ የሚደረገው ቅናሽ ከግማሽ በላይ ማይሉን ለሥራ ለሚነዳ አይሠራም። የእርስዎ ከግማሽ እንደሚበልጥ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ ሙሉውን ይጠብቁ።

ከሻርጃ

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የመጣ የ2017 ሌክሰስ ኤልኤክስ 570 ከገልፍ ስፔኩ (ለገልፍ አገሮች ከተሠራው) በጣም ይረክሳል። ሞተሩ አንድ ዓይነት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሞተሩ አንድ ነው፤ ያው ባለ 5.7 ሊትሩ ቪ8፣ እንደ ላንድክሩዘር 200 በሥራ የተፈተነ። ልዩነቱ ታሪኩ ላይ ነው። ወደ ሻርጃ የሚመጡት የአሜሪካ መኪኖች ብዙዎቹ በኢንሹራንስ ጨረታ የተገዙ፣ ተጋጭተው ወይም ውሃ ገብቷቸው የተጣሉ ናቸው። የቪኑን የአሜሪካ ታሪክ ዘገባ ከፍለው ያውጡ፤ በጨረታ ሲሸጥ የተነሳ ፎቶ ብዙ ጊዜ ይገኛል። በዱባይ ራሷ ከሚያዝያ 2024 ታላቅ ዝናብ በኋላ የገልፍ ስፔኩም ከጎርፍ ነጻ ነው ማለት አይቻልም፤ ምርመራው ለሁለቱም ነው።

የወንበሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ይሳቡ። መጨረሻው ላይ የጭቃ መስመር ካለ ውሃው እስከዚያ ደርሷል፤ ምንጣፍ የሚያጥብ ሁሉ ቀበቶውን መሳብ ይረሳል። የወንበሩ ሐዲድ ቦሎኖች ዝገት፣ በኋላ መብራቱ ውስጥ ያለ ጤዛ፣ ከመጠን ያለፈ ሽቶም ይጠቁማል። ቆጣሪው በማይል ከሆነ በ1.609 ያባዙ፤ «60 ሺህ ብቻ ነው የሄደው» ያሉዎት 96,500 ኪሎ ሜትር ነው። ኤልኤክሱ ሞተር እንደተነሳ ከፍ ዝቅ የሚልበት የሃይድሮሊክ ሰስፔንሽን አለው፤ ዝቅ እና ከፍ በማድረግ የፈሳሹን ማጠራቀሚያ ይዩ። ፈሳሹ በሁለቱ መካከል ብዙም ካልተለወጠ የጋዝ ኳሶቹ ሞተዋል፤ በመንገድ ላይም እንደ ጋሪ ያንገጫግጫል። ራዲያተሩን ከላይ የፕላስቲክ ክዳኑ ላይ ስንጥቅ ካለበት ይዩ፤ በዚህ ሞተር የታወቀ ነው።

ከአዲስ አበባ

ጥያቄ፦ ከቻይና የገባ የ2022 ቢኤምደብሊው አይኤክስ3 እና የዚያው ዓመት መርሴዲስ ኢኪውሲ ቀርቦልኛል። የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቼ አላውቅም። ምን ልይ?

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በብዛት ይመጣልናል። በአዲስ አበባ ከፍታ የኤሌክትሪኩ አንድ ጥቅም አለው፦ በ2,400 ሜትር ላይ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ምንም አያጣም።

ከሁለቱ ወደ አይኤክስ3 እናዘነብላለን። ባትሪያቸው ተቀራራቢ ነው፣ 80 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ኢኪውሲው ግን ሁለት ሞተርና አራት ጎማ የሚነዳ ስለሆነ ይከብዳል፣ ይበላል። ዳገትና ጭቃ የሚበዛበት ሠፈር ከሆኑ ያ አራት ጎማ የሚነዳው አሠራር ሊያስፈልግዎ ይችላል፤ አይኤክስ3 በኋላ ጎማ ብቻ ነው የሚነዳው።

ባትሪውን ሻጩ በሚያሳየው የ«ሄልዝ» (የባትሪ ጤና) ቁጥር ብቻ አይመኑ፤ ራስዎ ያስሉት። የአይኤክስ3 ጥቅም ላይ የሚውለው አቅም አዲስ ሲሆን 74 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሞልተው ይነሱ፣ የጉዞ መለኪያውን ዜሮ ያድርጉ፣ 50 በመቶ እስኪሆን ይንዱ። ለምሳሌ 190 ኪሎ ሜትር ሄደው አማካዩ በ100 ኪሎ ሜትር 18 ከሆነ 34.2 ኪሎዋት ሰዓት በልቷል። ይህ ግማሹ ከሆነ ሙሉው 68.4 ነው፤ ከአዲሱ 92 በመቶ። ለአገልግሎቱ ጥሩ ነው። 62 ወይም ከዚያ በታች ከወጣ ዋጋውን ያስወርዱ ወይም ይተዉት። መንገዱን ደርሶ መልስ ያድርጉት። ወደ አዳማ ሲወርዱ የሚያዩት ፍጆታ ያታልላል፤ ሲመለሱ 700 ሜትር ያህል አቀበቱ ብቻ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ኃይል ይወስዳል።

ቀጥሎ ሶኬቱ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢቲ የሚባል ሶኬት አለው፤ ለቤትና ለፈጣን ቻርጅ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች ናቸው። ለአውሮፓና ለገልፍ የተሠራው ግን ሲሲኤስ2 ነው። በየቀኑ በሚሄዱበት መስመር ያለው ቻርጀር የትኛው እንደሆነ ሳያዩ አይግዙ። ለዝግተኛው ቻርጅ አስማሚ መጠቀም ይቻላል፤ ለፈጣኑ ግን ጥራቱ የማይታወቅ አስማሚ ይሞቃል፣ ይቀልጣል።

በቤትዎ 32 አምፔር በ220 ቮልት 7 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ሰባት ሰዓት ያህል። ከመኪናው ጋር የሚመጣውን 10 አምፔር ገመድ በተራ ሶኬት ከሰኩ ግን ወደ 22 ሰዓት ነው፤ የተራውም ሶኬት ጥቁር እስኪሆን ሊሞቅ ይችላል። ኤሌክትሪሺያኑ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና በትክክል የተቀበረ ኧርዝ ያስገባ። ኧርዝ ከሌለ መኪናው ራሱ ቻርጅ አልቀበልም ይላል፤ ብዙ «ተበላሸ» የተባለ መኪና ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት መኪናው ውስጥ ተቀምጠው የስክሪኑን ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩ፤ «በኋላ ይቀየራል» የሚለውን አይቀበሉ። ካርታውና የድምፅ ትእዛዙ ቻይንኛ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ የስልክ መተግበሪያውም ላይሠራ ይችላል፤ እነዚህ ዋጋ ላይ መደራደሪያ ናቸው። ከዚያ ጋራዥ ወስደው ከፍ አስደርገው የባትሪውን የታች ሽፋን ይዩ። በስፒድ ብሬከር የተመታ ሽፋን ጎድጎድ ብሎ ይታያል፤ ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባል፣ ባትሪው ደግሞ የመኪናው ዋና ዋጋ ነው። በመጨረሻ በሊብሬው፣ በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና በፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል፣ ያመሳክሩ።